ለመጠየቅ ድምፅ ያስፈልጋል ወይ?

ባለፈው ሴሚስተር በሕገ መንግሥት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፈው ዝም አሉ። ጥያቄው «አንድ ምክር ቤት አንድን ባለሥልጣን ከሥልጣን ሊያወርድ የሚችል ምርመራ ለመጀመር የሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ የግድ ያስፈልገዋል?» የሚል ነበር። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እንዴ! ያለ ድምፅማ እንዴት ይሆናል?» አለ። ግማሹ ደግሞ «ለመጠየቅም ፈቃድ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ከሳቁት ወገን ነበርኩ። ክርክሩ በደወል አላበቃም፤ ከግቢ ወጥተን በመካኒሳ መንገድ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ ተከተለን።

ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለመምሪያችን መጽሔት የምጽፈው በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት እንደነበረ ስለተረዳሁ ነው። ስሕተቱን ያስተማረኝ ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን የሰፈራችን እድር ነው። ወደ እድሩ እመለስበታለሁ፤ ውድ አንባብያን፣ መጀመሪያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንይ።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ጥያቄው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንትን የመክሰስ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ ብቻ ነው ይላል። ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ ራሱ እንደሚያወጣም ይደነግጋል። ምርመራው በማን ውሳኔ እንደሚጀመር ግን አንድም ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ በ1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ላይ የሕግ ኮሚቴው ሥራውን አስቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ ሙሉ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 410 ለ4 በሆነ ድምፅ ሥልጣን ሰጠው። በ1998 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ላይም ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ነው ምርመራው የተከፈተው። በ2019 ግን አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ላይ ምርመራ መጀመሩን ሴፕቴምበር 24 ቀን ያለ ድምፅ አስታወቁ። ዋይት ሐውስ «ድምፅ ያልተሰጠበት ምርመራ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም፤ አንተባበርም» አለ። በኦክቶበር 25 አንዲት የፌዴራል ዳኛ «ሕገ መንግሥቱም ሆነ የምክር ቤቱ ደንብ ሙሉ ድምፅን የግድ አይሉም» ብለው ወሰኑ። ምክር ቤቱ ራሱ ደግሞ ከስድስት ቀን በኋላ 232 ለ196 በሆነ ድምፅ የምርመራውን አካሄድ አጸደቀ።

የሚገርመው የኋላው ነው። በ2019 «ድምፅ የግድ ነው» ሲል የነበረው ፓርቲ በ2023 አፈ ጉባኤነቱን ያዘ። አፈ ጉባኤ ማካርቲ በሴፕቴምበር 12 ቀን በፕሬዚዳንት ባይደን ላይ ምርመራ መጀመሩን ሲያስታውቁ ድምፅ አልተሰጠም ነበር። ድምፁ የተሰጠው ዘግይቶ ዲሴምበር 13 ቀን ነው፤ 221 ለ212። ወንበር ሲቀያየር ክርክሩም አብሮ ይቀያየራል ማለት ነው። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፦ ጥያቄውን «ለማን ይጠቅማል?» ብሎ የሚመልስ ሰው ነገ ራሱን ሲቃረን ያገኘዋል። ስለዚህ መልሱን መፈለግ ያለብን ዛሬ፣ ማን እንደሚመረመር ሳናውቅ ነው።

የእኛስ ሕገ መንግሥት?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት እንደ አሜሪካው ዓይነት የክስ ሥርዓት የለውም። አንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚመረጥና የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት እንደሆነ ይናገራል፤ በመካከል እንዴት እንደሚነሣ ግን ዝም ይላል። ዝምታው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1993 ዓ.ም ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከድርጅታቸው ጋር ተለያይተው ከኦሕዴድ ሲባረሩ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሥልጣናቸው ላይ ቆይተው የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ በ1994 ዓ.ም መጀመሪያ ወጡ። ፓርቲ ሰውን ከአባልነት ሊያባርር ይችላል፤ ከፕሬዚዳንትነት ግን አያነሣም።

ከክስ ሥርዓት ጋር የሚቀራረቡ ድንጋጌዎች ግን አሉን። አራቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ሊጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር ሊመረምር ይችላል። ንዑስ አንቀጽ 19 ደግሞ ምክር ቤቱ ለሥራው የሚያስፈልጉትን ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች እንዲያቋቁም ይፈቅድለታል።

ሁለተኛው አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 ነው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን በሆነ በማንኛውም ጉዳይ ላይ መወያየት አለበት። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ነው። ይህ የአናሳው በር ነው፤ በሩን ለማስከፈት ግማሽ በላይ አያስፈልግም።

ሦስተኛው አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 ነው። አንድ የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ሊያዝ ወይም በወንጀል ሊከሰስ አይችልም። ልብ በሉ፦ አንቀጹ የሚናገረው ስለ መያዝና ስለ መከሰስ ነው። «ሊመረመር አይችልም» አይልም።

አራተኛው አንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። አንድ ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የሚነሣው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በሥነ ምግባር ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስንና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ነው። ምርመራው የጉባኤው ነው። የምክር ቤቱ ድምፅ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

አራቱን አንድ ላይ ስናነባቸው የሕገ መንግሥቱ አካሄድ ግልጽ ይመስለኛል። ጥያቄና ምርመራ ሰፊ በር ተከፍቶላቸዋል። ሰውን ከወንበሩ ወይም ከነፃነቱ ለሚያፈናቅል ርምጃ ግን ሙሉ ምክር ቤቱ ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱ ምርመራን ከድምፅ ጋር ማያያዝ ሲፈልግ ደግሞ በግልጽ ያያይዘዋል፦ በአንቀጽ 93 መሠረት ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ አብሮ ማቋቋም ግዴታው ነው። ይህን ያወቀ ሕግ አርቃቂ በአንቀጽ 55 ላይ «ምርመራ በድምፅ ብቻ ይጀመራል» ማለት ቢፈልግ ኖሮ ይል ነበር። ስለዚህ «ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ አሁንም «አያስገድድም» ነው። የሳቅነው ወገኖች እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርን።

እድራችን

አሁን ወደ ሰፈሬ ልውሰዳችሁ።

እናቴ መካኒሳ ውስጥ የአንድ እድር አባል ናት። እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ አለው፤ አምስት ሰዎች ያሉት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም አለው። ጠቅላላ ጉባኤው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው። ገንዘብ ያዡ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት በባንክ ደብተሩና በመዝገቡ መካከል የ18 ሺህ 400 ብር ልዩነት ታየ። ኮሚቴው እሑድ ማታ በሰብሳቢው ቤት ተቀመጠ፤ ጋሼ አልተጠሩም። ከተገኙት አራት ሰዎች ሦስቱ «ዝም ብለን እናጣራ» አሉ። ሰብሳቢው ለእናቴ ደወሉና «ልጅሽ ሕግ እየተማረ አይደለም እንዴ? አንድ ያግዘን» አሏት። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ሰኞ ማታ ሦስት ሆነን ጋሼ ቤት ሄድን። እራት ላይ ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ካርኒውን፣ መዝገቡንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠየቅናቸው። እጃቸውን ታጥበው ተነሡ፣ ሁሉንም አምጥተው ሰጡን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«ልጄ፣ ማን ነው የላካችሁ? ጉባኤው ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ኮሚቴው ነው። ለማጣራት ያህል ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው ግን በር ላይ ቆመው እስክንወጣ ያዩን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ ተገኘ። ገንዘቡ ለድንኳን ማሠሪያ ተከፍሏል፤ ደረሰኙ በጸሐፊው እጅ ቀርቶ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ጋሼ ምንም አላጎደሉም። ነገር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶታል። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ገንዘብ ያዡ ተፈተሸ» ተባለ።

የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደርስ እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። ሰብሳቢው ሪፖርት ሲያነቡ «በሒሳብ ላይ ጥቃቅን ስሕተት ታይቶ ተስተካክሏል» አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የጋሼ ስም አልተነሣም። አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «እኚህ ሰው ንጹሕ ናቸው» አላለም። እንዴት ይበል? በይፋ የከሰሳቸው የለምና በይፋ ነፃ የሚያወጣቸውም የለም። እኔም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሼ በዚያው ወር ገንዘብ ያዥነቱን አስረከቡ። አሁን ለቅሶ ሲኖር መዋጮውን በልጃቸው እጅ ይልካሉ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ይሉኛል፤ «ልጄ» ማለት ግን ትተዋል።

ያልተወሰነ ምርመራ ያልተወሰነ መጨረሻ ይኖረዋል። የሙሉ ጉባኤ ድምፅ ለከሳሹ ጉልበት የሚሰጥ መስሎን ነበር፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ለተመርማሪው ነው። ድምፅ ሲሰጥ ጉዳዩ ስም ይኖረዋል። ምን እንደሚመረመር፣ በማን እንደሚመረመር፣ መቼ እንደሚያበቃ ይታወቃል። የከፈተው አካል መልሶ እንዲዘጋውም ግዴታ ይጥላል። «ለማጣራት ያህል ነው» የምትለው አነጋገር ግን በር የላትም፤ ሰው አንዴ ከገባባት አይወጣም።

ታዲያ ሙሉ ድምፅ ይበቃል?

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው ሙሉ ድምፅ ይሁንና እንገላገል» ሊል ይችላል። በፍጹም! የራሳችን ታሪክ ይህንንም ይቃወማል።

በ1966 ዓ.ም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከወረደ በኋላ የቀድሞ ሹማምንትን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ሹማምንቱን እየጠራ ቃላቸውን ይቀበል ነበር። አክሊሉ ዛሬ በመጽሐፍ ታትሞ የምናገኘውን ማስታወሻቸውን የጻፉት ለዚሁ ኮሚሽን ነው። ምርመራው ሳያልቅ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ አክሊሉንና ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ በተለምዶ «ስድሳዎቹ» የምንላቸውን ሰዎች ያለ ፍርድ ገደለ። ውሳኔው የተላለፈው እንዴት ነው? በደርግ ጉባኤ፣ በድምፅ! «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። ሙሉ ጉባኤ ስለተቀመጠ ፍትሕ ተቀመጠ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ድምፁ ነበረ፤ የጎደለው ተከሳሹን መስማት ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምትና ኅዳር 1998 ዓ.ም የተፈጠረውን ሁከት እንዲያጣራ ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 478/1998 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አዋጅ ማለት እንግዲህ ከተራ ድምፅም በላይ ነው። ከዚያ በፊትም በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም በጋምቤላ ለደረሰው ግጭት በአዋጅ ቁጥር 398/1996 ተመሳሳይ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። የ1998ቱ ኮሚሽን ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል እና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጡ። ወጥተው እንደተናገሩት የኮሚሽኑ አባላት 8 ለ2 በሆነ ድምፅ መንግሥት ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅሟል ብለው ነበር፤ ከዚያ ውሳኔውን እንዲለውጡ ጫና ተደረገባቸው። በ1999 ዓ.ም መጀመሪያ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ገልጾ የተወሰደው ርምጃ ግን ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። የአጀማመሩ ሕጋዊነት እንከን አልነበረውም። ጥያቄው የመርማሪው ነፃነት ላይ ነው። ምርመራ በአዋጅ ተወልዶም በጫና ሊታመም ይችላል።

የያለመከሰስ መብት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ሳለ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ የአንድ ሚኒስትር ዴኤታን ያለመከሰስ መብት አነሣ። በኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የ39 አባላትን መብት በአንድ ስብሰባ አነሣ። የተከሰሱበት ጉዳይ ቀላል ነበር እያልኩ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው በአንድ ስብሰባ ሲታይ እያንዳንዱ ምን እንዳደረገ ማን ጠየቀ? አንቀጽ 54 ጥበቃውን የሰጠው ለእያንዳንዱ አባልና ለመረጠው ሕዝብ ነው፤ ለዝርዝር አይደለም።

ቁጥሩንም እንመልከት። ለምልዓተ ጉባኤ የሚያስፈልገው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ነው፤ ከ547 መቀመጫ 274 ማለት ነው። ውሳኔ የሚያልፈው ከተገኙት በአብላጫው ድምፅ ስለሆነ 138 ሰው በቂ ሊሆን ይችላል። «ሙሉ ምክር ቤት» የምንለው ሲተነተን ከጠቅላላው ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የጓደኛዬ ተቃውሞ

ይህን ጽሑፍ ረቂቁ ላይ ያነበበ አንድ የክፍል ጓደኛዬ እንዲህ ሲል ሞገተኝ፦ «አንተ ስለ እድር ታወራለህ። እድር ውስጥ ፓርቲ የለም። በ2002ቱ ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ያዙ፤ በ2007ቱ ደግሞ ሁሉንም። በ2013ቱ በመጀመሪያው ዙር ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 አሸነፈ። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ‹ምርመራ በሙሉ ድምፅ ይከፈት› ማለት ‹አይከፈት› ማለት ነው። ቁልፉን ለሚመረመረው ሰጠኸው።»

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ልክም ነው። አንድ ሦስተኛ የሚለው የአንቀጽ 55(18) በር እንኳ በ2002 ለነበሩት አንድ የተቃዋሚና አንድ የግል ተመራጭ የማይደረስበት ነበር። ለዚህም ነው «ምርመራ ሁሉ በሙሉ ድምፅ» የማልለው። ልዩነቱ በጥያቄና በንክኪ መካከል ነው።

የእድራችን ኮሚቴ በመደበኛ ስብሰባው ጋሼን ጠርቶ «መዝገቡና የባንክ ደብተሩ አልተስማሙም፣ ያስረዱን» ቢላቸው ኖሮ ማንም ድምፅ መስጠት አያስፈልገውም ነበር። ያ ጥያቄ ነው። ሒሳብ ሲያዝ ያለ ግዴታ ነው፤ ገንዘብ ያዥም የሚቀየመው ነገር የለም። በማታ፣ በልጅ ልጆቻቸው ፊት ካርኒና ቁልፍ መውሰድ ግን ንክኪ ነው። ያ የጉባኤው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እኛ የሠራነው ስሕተት መጠየቃችን ሳይሆን ከመጠየቅ ወደ መንካት የተሻገርነውን መስመር ሳናይ ማለፋችን ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ከዚህ አንጻር አሠራሩ በሦስት ደረጃ ቢከፈል ይሻላል እላለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ቋሚ ኮሚቴ ባለሥልጣንን መጥራት፣ ሰነድ መጠየቅ፣ በግልጽ ስብሰባ ማብራሪያ መስማት። ለዚህ የማንም ድምፅ አያስፈልግ። አንድ የተቃዋሚ አባል ብቻ ቢኖር እንኳ ጥያቄው መዝገብ ላይ ይስፈርለት።

ሁለተኛው አንድን ሰው በስሙ ጠቅሶ የሚከፈት ይፋ ምርመራ ነው። ይህ በጽሑፍ የተወሰነ ጉዳይ፣ የጊዜ ገደብና የመሰማት መብት ይኑረው። የሚከፈተው ግን በአብላጫው በጎ ፈቃድ ብቻ መሆን የለበትም፤ የአናሳው ቁጥር ከአንድ ሦስተኛም ዝቅ ብሎ በር እንዲከፍት በደንብ ቢፈቀድለት መልካም ነው። ለመወያየት የተሰጠ የአናሳ መብት ለመመርመር የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ያለመከሰስ መብትን ማንሣትና ከሥልጣን ማውረድ ነው። እዚህ ላይ የሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ የግድ ነው። ድምፁም በጅምላ ሳይሆን በየሰዉ፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከተሰሙ በኋላ ይሁን።

በሦስቱም ላይ አንድ ግዴታ ይጨመር፦ የተከፈተ ምርመራ ሁሉ ሪፖርቱ ወደ ከፋቹ ተመልሶ በይፋ ይነበብ። ጥፋት ካልተገኘም «አልተገኘም» ተብሎ በስም ይነገር። ንጹሕን ሰው ነፃ ማውጣት ጥፋተኛን ከማጋለጥ ያላነሰ የምርመራ ሥራ ነው።

ምናልባት «ይሄ ሁሉ ለምን? እኛ ምክር ቤት አይደለን» የሚል ይኖራል። ግን ነን። ከእኛ ውስጥ ነገ ዓቃቤ ሕግ የሚሆን አለ፤ የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ የኦዲት ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢ የሚሆንም አለ። አንድ ቀን ማታ አንድ ሰው ቤት ትሄዳላችሁ። ሰውየው እጁን ታጥቦ ተነሥቶ «ማን ነው የላካችሁ?» ይላችኋል። ያን ጊዜ የምትሰጡት መልስ ከመሄዳችሁ በፊት የተዘጋጀ መሆን አለበት።

እኔ በበኩሌ አንድ ዕዳ አለብኝ። በሚመጣው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እናቴ የመናገር ተራዋን ልትሰጠኝ ተስማምታለች። አጀንዳ እንዲያዝልኝ ለጸሐፊው በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የምናገረው አጭር ነው፦ በዚያን ሰሞን ምን እንደተደረገ፣ እኔም ከአድራጊዎቹ አንዱ እንደነበርኩ፣ በጋሼም ላይ ምንም ጉድለት እንዳልተገኘ። ከዚያ ጉባኤው ይህን በቃለ ጉባኤው እንዲያሰፍር እጅ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።

በሙሉ ድምፅ ቢሆን ደስ ይለኛል።